አባባን ያሳሰረው ብረት ድስት

ብዙ ማውራት አልወድም። ይህንንም ልጆቼ ባይወተውቱኝ አልጽፈውም ነበር። ነገሩ የአንድ ቀን ነው፤ እሁድ ጠዋት ጀምሮ እሁድ ማታ አለቀ። ከዚያ ቀን ያወጣኝን አምላክ በሰው ፊት ሳላመሰግነው እንዳልሞት ብዬ ነው እስክሪብቶ ያነሳሁት።

ዘመኑ የደርግ ነው። ሬሳ በየመንገዱ የሚወድቅበት ጊዜ አልፏል፤ ፍርሃቱ ግን ገና አላለፈም። የምንኖረው ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው ዳገት ላይ ነበር። ባለቤቴ ተስፋዬ ወደ አሰብ የሚመላለስ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ቤቱ የሚያድርበት ቀን ከማያድርበት ያንሳል። እኔ ከሦስት ልጆቼና ከአባቱ ጋር እኖራለሁ።

አባቱን ሁላችንም አባባ እንላቸዋለን። አባባ ወልዴ። አናጢ ነበሩ፤ የሰፈሩ በርና መስኮት ግማሹ የእጃቸው ሥራ ነው። ከገጠር ሙሽራ ሆኜ ስመጣ እንደ ምራት ሳይሆን እንደ ልጅ ተቀበሉኝ። የመጀመሪያ ልጄን ስወልድ እናቴ ልትደርስልኝ አልቻለችም። ሚስታቸውም ሞተዋል። ገንፎዬን ያገነፉልኝ አባባ ናቸው። «ወንድ ልጅ ጓዳ ገባ» ብሎ ሰፈሩ ሲስቅ፣ «ይሳቅ፤ ልጄ ትብላ» አሉ። ይህን የማልረሳው እኔ ነኝ። እሳቸው ሁሉንም ረሱት።

መጀመሪያ የመዶሻው ስም ጠፋባቸው። ቀጥሎ የልጅ ልጆቻቸው ስም። በመጨረሻ ዘመኑ ራሱ ጠፋባቸው፤ ጃንሆይ ከዙፋን መውረዳቸውን ረሱ። ሌላው ሁሉ ቢረሳ ችግር የለውም፤ በዚያን ጊዜ ይህን መርሳት ግን ያስገድል ነበር። ስለዚህ በሩን ዘግቼ ነበር የማኖራቸው።

ቤቴ የሚመጣው ሁሉ ምክንያት ይዞ ነበር የሚመጣው። አንዷ «ዓይን ነው» ትላለች። ሌላዋ «መተት ነው፤ የቀናባቸው አናጢ አለ» ትላለች። ሌላው «አብዝተው አስበው ነው» ይላል። ምክንያቱን ያስቀምጥና አፉን ጠርጎ ይሄዳል። ምክንያት ይዞ የሚመጣ ሞልቶ፣ አንድ ባልዲ ውሃ ይዞ የሚመጣ ጠፋ። እኔ አልጋ የሚያረጥብን ሽማግሌ አጥቤ፣ አንሶላ አጥቤ፣ ልጅ አጥቤ ስቀመጥ፣ ሰው ፊቴ ተቀምጦ ስለ ዓይን ይተነትንልኛል።

ከሁሉ የከፋው ግን ግርማ ነበር። ግርማ የባለቤቴ ታላቅ ወንድም፣ የአባባ የበኩር ልጅ ነው። ውጭ አገር ኬሚስትሪ ተምሮ መጥቶ መገናኛ አካባቢ አንድ መሥሪያ ቤት ይሠራል። በወር አንድ ቀን ይመጣል። ሱሪው እንዳይቆሽሽ ወንበሩ ጫፍ ላይ ይቀመጣል። ለአባቱ ብርቱካን ያመጣል፤ አባቱ ሽንት ቤት ከማለታቸው በፊት ደግሞ ሰዓቱን አይቶ ይነሳል። ያቺን ሰዓት እንዴት እንደሚያውቃት አላውቅም፤ አንድም ቀን ተሳስቶ ቆይቶ አያውቅም።

በዚያ እሁድ የቀበሌ ስብሰባ ነበር። ያልተገኘ ሰው ከቀበሌው የኅብረት ሱቅ ስኳር አያገኝም፤ ከስኳሩም በላይ «ለምን ቀረ?» መባሉ ነው የሚያስፈራው። ልጆቼን ለቀበሌው የመዝሙር ልምምድ ወስደዋቸዋል። ስለዚህ ግርማ አባቱን እንዲጠብቅልኝ ለመንኩት። መጣ። ታጥፎ የተያዘ የፈረንጅ መጽሔት በብብቱ ይዟል።

«ዘነበች፣ አገኘሁት!» አለ፣ ገና ሳይቀመጥ።

«ምኑን?»

«የአባባን በሽታ!»

ከዚያ ጓዳ ገባ። ያንን ጓዳ ረግጦት አያውቅም። የምሠራበትን ድስት አነሳና ውስጡን በጥፍሩ ፋቀው።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ድስት ነዋ።»

«አልሙኒየም ነው!»

«እሺ፤ የአልሙኒየም ድስት ነዋ።»

«አትቀልጂ። ውጭ አገር በመርሳት በሽታ የሞቱ ሰዎችን አንጎል ከፍተው ሲያዩ ምን አገኙ? አልሙኒየም! ብረት፣ ዘነበች፣ በሰው አንጎል ውስጥ! አንቺ ደግሞ ቲማቲም ትከቺበታለሽ፣ ሎሚ ትጨምቂበታለሽ። አሲዱ ብረቱን ያሟሟዋል። ከወጡ ወደ ሆድ፣ ከሆድ ወደ ደም፣ ከደም እዚህ!» ብሎ የአባቱን ግንባር በጣቱ ነካ።

አባባ ፈገግ ብለው አዩት። «ልጄ፣ ይህ እንግዳ ማነው? ምሳ ስጪው እንጂ» አሉኝ።

ግርማ አልሰማቸውም። ስለ አንጎላቸው እያወራ እሳቸውን አልሰማቸውም።

«ግርማ፣ ይህን ድስት ያገኘሁት አምና ነው» አልኩት። «አባባ ማምታታት የጀመሩት ከዚያ በፊት ነው። ዕድሜ ልካቸውን በሸክላ ነው የበሉት።»

ትንሽ አሰበ። «ሆቴል በልተው ይሆናላ!»

«አባባ? ሆቴል?»

«ዘነበች፣ ይኼ ሳይንስ ነው። ከሳይንስ ጋር አትከራከሪ።»

የቀበሌው ድምፅ ማጉያ ከታች ይጠራል። መከራከሪያ ጊዜም አልነበረኝም። ነጠላዬን አነሳሁ። «በሩን ዝጋው፤ ከተከፈተ ይወጣሉ። አደራ!» አልኩት።

«ሂጂ፤ እኔ አለሁ አይደል?» አለ።

እሱ አለ። እኔ እንደወጣሁ ድስቶቼን በሙሉ በሁለት እጁ አቅፎ ከቤቱ ጀርባ ገደሉ ውስጥ ሊጥል ሄደ። እጁ ስለሞላ በሩን አልዘጋውም። ጥሎ ሲመለስ ዘጋው፤ ከዚያ ተቀምጦ መጽሔቱን ማንበብ ቀጠለ። አባቱን ከመርዝ አዳናቸዋ! አባቱ ግን ቤት ውስጥ አልነበሩም።

የቀበሌያችን ሊቀመንበር ደምሴ ይባላል። የመሪጌታ ይልማ ልጅ ነው። እኛ የምናውቀው ዲያቆን ሆኖ ሲቀድስ ነው፤ ድምፁ ያማረ ነበር። አብዮቱ ሲመጣ ያንኑ ድምፅ ይዞ መድረክ ላይ ወጣና እግዚአብሔር የለም እያለ ያስተምረን ጀመር። ዜማውን እንኳ አልቀየረውም። አባቱ መሪጌታ ካቻምና ሲሞቱ እሱ የፖለቲካ ትምህርት ላይ ነበር። ከቀብር በኋላ ተመለሰ፤ ለቅሶ አልተቀመጠም። ለቅሶ ኋላ ቀርነት ነው አለ። ሰፈሩ ሰማ፤ ዝም አለ።

አዳራሹ ስደርስ ደምሴ አለሚቱ የምትባል፣ ባሏ የሞተባት ልጅ ላይ ይጮሃል። ሕፃን አዝላለች። ዘግይታ ነው የገባችው።

«አብዮቱ አንቺን ይጠብቅ? አንቺ ማን ነሽ?»

«ልጁ አሞብኝ ነው ጓድ።»

«ልጁ! ሁልጊዜ ልጁ! ልጅ ያላት አንቺ ብቻ ነሽ?»

ከመድረኩ ወረደ። ፊቷ ቆመ። እጁን አነሳ። እኛ፣ አዳራሽ ሙሉ ሰው፣ ጉልበታችንን እያየን ተቀመጥን።

ያን ጊዜ ከበሩ በኩል ድምፅ መጣ።

«በጃንሆይ አምላክ! ቁም!»

ድምፁን አወቅሁት። የአባባ ነው።

ወጣቶች ለሆናችሁ አንባቢዎች ልንገራችሁ። በድሮው ጊዜ አንድ ሰው ሌላውን በንጉሥ አምላክ ካስቆመው፣ የተጠራበት ሰው አንድ እርምጃ አይራመድም። ያስቆመው ለማኝ፣ የቆመው ባላባት ቢሆን ለውጥ የለውም። ዳኛ ፊት እስኪቀርቡ ድረስ ይቆማል። ይህ ከእናት ጡት ጋር የሚገባ ነገር ነው።

ደምሴም ጠብቶታልና ቆመ። እጁ አየር ላይ እንደተሰቀለ፣ አፉ እንደተከፈተ፣ ቀጥ ብሎ ቆመ። ዙፋኑን ገለበጥን የሚለው ሰው፣ በሌለ ንጉሥ ስም፣ እግዚአብሔር የለም ሲል ከርሞ፣ በንጉሡ አምላክ ቆመ። አዳራሹ በሙሉ አየው። ማንም አልሳቀም። ግን ታፍኖ የተዋጠ ሳቅ ከተለቀቀው ይልቅ ይሰማል። አለሚቱ ከእጁ ሥር ሾልካ ተቀመጠች።

አባባ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ በአንድ እግራቸው ብቻ ጫማ አድርገው በሩ ላይ ቆመዋል። «ሴት ልጅ በአደባባይ አትመታም» አሉ ረጋ ብለው። «ና፣ ዳኛ ፊት እንቅረብ።»

ደምሴ እጁን አወረደ። ፊቱ ቲማቲም መሰለ። «ያዙት! ይህን አድሃሪ ያዙት!»

ሁለት የአብዮት ጠባቂዎች መሣሪያ ይዘው መጡ። አባባ እጃቸውን ሰጧቸው። «ደግ፤ እንሂድ» አሉ። ዳኛ ዘንድ የሚወስዷቸው መስሏቸው ነበር።

ደምሴ መድረኩ ላይ ተመልሶ፣ የፊውዳሉ ሥርዓት ርዝራዥ በመካከላችን እንደተገኘ ነገረን። ማታ ከከፍተኛው መኪና እንደሚመጣም ነገረን። ከፍተኛው ከቀበሌው በላይ ነው፤ በዚያ መኪና ሄዶ የተመለሰ ሽማግሌ አላውቅም።

ወደ ቤት ሮጥኩ። ግርማ መጽሔቱን ያነባል።

«አባባስ?»

«ውስጥ ተኝተዋል።»

«ግርማ፣ አባባ ታስረዋል!»

ነገርኩት። ፊቱ ነጣ። ከዚያ ከረባቱን አስተካከለና ተነሳ። «አትጨነቂ» አለ። «ማስረዳት ብቻ ነው። እነዚህ ሰዎች ሳይንስ ያከብራሉ።»

የደምሴ ቢሮ ገባን። ከወንበሩ በላይ የሦስት ባለ ጺም ፈረንጆች ሥዕል ተሰቅሏል። ግርማ እጁን አጣምሮ ጀመረ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ አባቴ በሽተኛ ናቸው። ያን ቃል የተናገሩት እሳቸው አይደሉም። በአንጎላቸው ውስጥ የገባው አልሙኒየም ነው።»

ደምሴ አየው። «ጃንሆይን የጠራው አልሙኒየሙ ነው?»

«ማለት... በሳይንስ አነጋገር...»

«አልሙኒየሙ ነው አድሃሪው?»

በር ላይ የቆመው ጠባቂ ፊቱን ወደ ውጭ አዞረ።

«አይደለም ጓድ። ብረቱ አንጎል ውስጥ ሲገባ ሰውየው ዘመኑን ይረሳል። ይኸው፣ ተጽፏል።»

«ብረቱ ከየት ገባ?»

«ከድስት።»

«ድስቱስ ከየት መጣ?»

ግርማ ወደ እኔ ዞረ። እኔ መሬት መሬት አየሁ። ድስቱን አምና ያከፋፈለው የቀበሌው የኅብረት ሱቅ ነው፤ ለየአባወራው ሦስት ሦስት። ያከፋፈለው ደግሞ ራሱ ደምሴ ነበር፤ ንግግር አድርጎበታል። ግርማ ይህን አላወቀም። ስለ ድስት ሁሉን ያውቃል፤ ከየት እንደመጣ ግን ጠይቆ አያውቅም።

«አምና ያከፋፈልነው ድስት ነው?» አለ ደምሴ ቀስ ብሎ።

«እ... ሳይሆን አይቀርም።»

ደምሴ ተነሳ። «ስለዚህ ጭቁኑ ሕዝብ ከገዛ ሱቁ መርዝ ገዝቶ እየበላ ነው! እንዲህ ነው የምትለኝ? ማን ነው ይህን አሻጥር ያስወራህ? ያ መጽሔት የየት አገር ነው?»

መጽሔቱ ከጠረጴዛው ላይ ጠፋ። ኮቱ ውስጥ መቼ እንደከተተው አላየሁትም።

«አይደለም ጓድ! ገና ያልተረጋገጠ ነገር ነው። ድስቱማ ጥሩ ድስት ነው። ምናልባት...»

«ምናልባት ምን?»

«ምናልባት አባቴ ያን ያህል አልታመሙም ይሆናል።»

«ታሟል ወይስ አልታመመም? አንድ ቃል!»

ግርማ ጫማውን አየ። «እኔ ተለይቼ ነው የምኖረው ጓድ። እርግጠኛ መሆን አልችልም።»

ጠዋት በሳይንስ እርግጠኛ የነበረ ሰው፣ ከሰዓት በአባቱ እርግጠኛ መሆን አቃተው። በሕይወቴ ሌባ አይቻለሁ፤ ነፍሰ ገዳይም አይቻለሁ። እንደዚያች ደቂቃ ግን ሰው ተጸይፌ አላውቅም። «አስቸኳይ ሥራ አለብኝ» ብሎ ወጣ። በእሁድ ቀን።

ደምሴ ወደ እኔ ዞረ። «ሰማሽ? ልጁ እንኳ አልታመሙም አለ። እያስመሰለ ነው ሽማግሌው።»

ሦስቱ ልጆቼ ፊቴ ላይ መጡ። ባለቤቴ የትኛው በረሃ ላይ እንዳለ አላውቅም። «ኪዳነ ምሕረት፣ አንቺ ተናገሪልኝ» አልኩ በልቤ። ከአፌ የወጣው ግን ይህ ነው፦

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ራስዎ ያነጋግሯቸው። ካስመሰሉ ማታ እኔንም አብረው ይጫኑኝ።»

ከተናገርኩ በኋላ ግድግዳውን ተደገፍኩ።

«አምጡት» አለ።

አባባን አስገቧቸው። ግራ ቀኝ አዩ። ሥዕሉን ሲያዩ ግን ፊታቸው በራ። ሦስት ባለ ጺም፣ ጎን ለጎን። ጋቢያቸውን አደግድገው፣ አማትበው፣ እስከ መሬት ሰገዱ።

«ምን እያደረገ ነው?» አለ ደምሴ።

«ሥላሴ መስለዋቸው ነው» አልኩ። ምን ልበል?

አባባ ተነስተው ደምሴን ትክ ብለው አዩት። «ዲያቆን ደምሴ!» አሉ። «አንተ ነህ እንዴ? ዛሬ አልቀደስክም?»

«እኔ ዲያቆን አይደለሁም!»

«እሺ እሺ፤ ቄስ ትሆናለህ ገና። መሪጌታ ደህና ናቸው?»

ደምሴ ደነገጠ። ከዚያ ጥርሱን ነክሶ፣ ሊያጋልጣቸው እንደሚፈልግ ሰው፣ «ሞቷል!» አላቸው።

አባባ ሁለት እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ። «መቼ?»

«ቆየ።»

«ቆየ? እኔ ሳልሰማ? ወይኔ ወንድሜ! ወይኔ ይልማ!»

አለቀሱ። ሰው ለታይታ ሲያለቅስ አይቻለሁ፤ የለቅሶ ቤት ሴት ነኝና አውቃለሁ። ይህ እንደዚያ አይደለም። ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ፣ ንፍጥና እንባቸው ጺማቸው ላይ እየተደባለቀ አለቀሱ። ከዚያ ጠረጴዛውን ዞረው ሄደው የሊቀመንበሩን ራስ ደረታቸው ላይ አደረጉ። ጠባቂው መሣሪያውን ያዝ አደረገ፤ ደምሴ ግን አልተንቀሳቀሰም።

«እግዚአብሔር ያጽናህ ልጄ» አሉት። «ቀብሩ ላይ ሳልደርስልህ ቀረሁ። ይቅር በለኝ።»

«ቀብሩ ላይ ነበሩ» አልኩ እኔ፣ ቀስ ብዬ። «ሳጥኑን የሠሩት እሳቸው ናቸው። ምስማሩን ሲመቱ እያለቀሱ ነበር። ዋጋም አልተቀበሉም።»

ቀብሩ ላይ ያልነበረው ማን እንደሆነ መናገር አላስፈለገኝም።

 ለአባባ ወንበር ሰጧቸው፤ ውሃ ሰጧቸው። ጠጡ። ፊታቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ። በመስኮቱ ወደ እንጦጦ ባሕር ዛፍ ለጥቂት ጊዜ አዩ። ወደ እኛ ሲዞሩ ፊታቸው ንጹሕ ነበር፤ የሐዘን ጭረት አልቀረበትም።

«ዲያቆን ደምሴ! አንተ ነህ እንዴ? መሪጌታ ደህና ናቸው?»

«ሞተዋል አልኩዎት እኮ» አለ ደምሴ። ድምፁ ወርዷል። «አንቱ» ማለት እንደጀመረ ራሱም ያወቀ አይመስለኝም።

እንደገና እጃቸው ራሳቸው ላይ ወጣ። እንደገና «መቼ?» እንደገና ያው እንባ፣ አዲስ እንባ። እንደገና ተነስተው የሊቀመንበሩን ራስ ያዙ። «እግዚአብሔር ያጽናህ ልጄ። ቀብሩ ላይ ሳልደርስልህ ቀረሁ።»

ልጅ አዝላ የመጣችን ሴት ሊመታ የነበረ ሰው፣ ዓይኑን በመዳፉ ያዘ። ጠባቂው ወጥቶ በሩን ከውጭ ገጠመው።

ሦስተኛው ጊዜ ሲመጣ አውቄዋለሁ፤ ደምሴም አውቆታል። አባባ ቀና ሲሉ ወንበሩን ጭምቅ አድርጎ ያዘ።

«ዲያቆን ደምሴ! መሪጌታ ደህና ናቸው?»

ደምሴ ወደ በሩ አየ። ወደ እኔ አየ። ከዚያ፦

«ደህና ናቸው አባባ» አለ። «ሰላም ብለዎታል።»

«እግዚአብሔር ይመስገን!» አሉ አባባ። ሳቁ። «ለየካቲቷ ኪዳነ ምሕረት አብረን እንወጣለን በላቸው። እንደ ዘንድሮ ጉልበቴ ደህና ሆኖልኝ አያውቅም።»

«እነግራቸዋለሁ።»

 ደምሴ ጀርባውን ሰጥቶን ፊቱን ጠረገ። ሲዞር ተመልሶ ሊቀመንበር ሆኖ ነበር።

«ውሰጂያቸው» አለኝ። «በሽተኛ ናቸው። ሁለተኛ ደጅ እንዳታወጪያቸው። ስለ ድስቱ የተወራው ወሬ ከዚህ ክፍል ከወጣ ግን በአንቺ ነው የምይዘው። በሚቀጥለው ስብሰባ ተነስተሽ ድስቱ ጥሩ መሆኑን ትመሰክሪያለሽ።»

የትንሽ ሰው ምሕረት እንኳ ትንሽ ጅራት አላት። እጅ ነሳሁና ወጣሁ።

ዳገቱን ስንወጣ ፀሐይ እየጠለቀች ነበር። አባባ ክንዴን ይዘው፣ «ዳኛው ደግ ሰው ነው» አሉኝ። «ፈረደልን።»

በማግስቱ ድስቶቼን ፍለጋ ገደሉ ውስጥ ወረድኩ። አንድ ክዳን ብቻ ቀርቷል። ግርማ መርዝ ነው ብሎ የጣለውን ጎረቤት ተካፍሎ ወስዶ ወጥ ሠርቶበታል። ለስብሰባው ምስክርነት የገዛ ድስቴን ከጎረቤቴ ተውሼ ሄድኩ። ድስቱን ከፍ አድርጌ «ጥሩ ድስት ነው» አልኩ። ተጨበጨበልኝ። ስኳር ሰጡኝ።

ግርማ መርዝ እንዳበላኋቸው ለዘመድ ሁሉ ሲያወራ ከርሟል፤ በሹክሹክታ፣ ቀበሌው እንዳይሰማው። አባባ ከዚያ በኋላ ጥቂት ዓመታት ኖሩ። በአልጋቸው ላይ፣ ንስሐ አባታቸው ባሉበት ሞቱ። ለዚህ አምላኬን ቀንና ሌሊት አመሰግናለሁ። በቀብሩ ላይ ከሁሉ በላይ ጮኾ ያለቀሰው ግርማ ነው። ሰዎች «አንጀቱ ነው» አሉ። 

ለግርማ ፍርድ እንዳላጎድል ግን ይህን ልጨምር። ነገሩን ከሜዳ አላነሳውም። ትልቋ ልጄ ነርስ ናት፤ ጠየቅኋት። በዚያን ዘመን ሊቃውንት በእርግጥ ስለ አልሙኒየም ይጠይቁ ነበር አለችኝ። ድስት ሰውን ያስረሳል የሚለው ግን እስከ ዛሬ አልተረጋገጠም፤ ብዙዎቹም ትተውታል። አሁን ደግሞ ስለ ብረት፣ ስለ መዳብና ስለ ዚንክ ይመረምራሉ። በታማሚዎች አንጎል ውስጥ ብረት ተከማችቶ ይገኛል። በሽታውን ያመጣው ብረቱ ይሁን፣ በሽታው ብረቱን ይሰብስበው፣ ገና ለይተው አልጨረሱም። እውነተኛ ሊቅ «አላውቅም» ይላል ማለት ነው። ይመርምሩ፤ እግዚአብሔር ይግለጽላቸው። የምንቀው ምርመራውን አይደለም። ምክንያቱን ይዞ አባቱን የሚጥለውን ሰው ነው።

እናንተ ቤታችሁ እንዲህ ያለ አባት ወይም እናት ያላችሁ አንባቢዎቼ፣ ከዚያ ቀን የተማርኩትን ልስጣችሁ። ከዚያ በፊት አባባን አርማቸው ነበር። ሚስታቸውን ሲጠሩ «ሞተዋል እኮ አባባ» እላቸው ነበር፤ ውሸት ኃጢአት ነው ብዬ። እሳቸውም በየቀኑ አዲስ መርዶ ይሰሙ ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ «የታለች?» ሲሉኝ «ቤተ ክርስቲያን ሄደዋል» አልኩ። ውሸት አይሆንብኝም ወይ ብዬ ንስሐ አባቴን ጠየቅኋቸው። «እሷስ የት ሄደች ብለሽ ነው?» አሉኝ። አባባም ከዚያ ወዲህ አላለቀሱም።

የሚከነክነኝ ይህን ያስተማረኝ ማን እንደሆነ ነው። ካህን ቢሆን በወደድኩ። ሐኪም ቢሆን በወደድኩ። ደምሴ ነው። ያን ሰው ያኔም ንቄዋለሁ፣ ዛሬም እንቀዋለሁ፤ መንግሥት ሲለወጥ የት እንደገባም አልጠየቅሁም። ግን የአባባን ተዝካር ሳወጣ የመሪጌታ ይልማን ስም ጨምሬ ለካህኑ ሰጥቻለሁ፤ ልጃቸው አላስጠራላቸውምና። ማታ ስጸልይ ደግሞ የልጁን ስም እጠራለሁ። ጥርሴን ነክሼ ነው የምጠራው፤ እጠራዋለሁ ግን።